አጋዘኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፦ ቅርጽ የተቀረጸባቸውን የድሮ የኪስ ሰዓቶች ስሰበስብ የከፈልኩት ዋጋ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የብር የኪስ ሰዓት አለ። ጀርባው ላይ አጋዘን ተቀርጾበታል። ቀንዱ ይታያል፣ እግሮቹም ይታያሉ። ዓይን ግን የለውም። የአንገቱ ፀጉርም ጠፍቷል። ከ130 ዓመት በላይ ከሰው ኪስ ሲገባና ሲወጣ ያልጠፋውን፣ እኔ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አጠፋሁት።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ሁለት የማውቃቸው ልጆች «እኛም መሰብሰብ ጀምረናል» ብለው ፎቶ ስለላኩልኝ ነው። ፎቶው ላይ የራሴን ስህተት አየሁ። አንዱ ሰዓቱን እንደ መስተዋት አብርቶታል። ሌላው «14 ካራት ነው፣ በርካሽ አገኘሁት» ይላል። ልቤ ደነገጠ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አጎቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሱ ሱቅ እውል ነበር። ቀለበት ላይ ስም ሲጽፍ፣ መስቀል ላይ ሐረግ ሲጥል አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። መቅረጫ ብረቱን በመዳፉ ይገፋል፣ በሌላው እጁ ዕቃውን ያዞራል። ከብረቱ ፊት ቀጭን የብር ጭረት ተጠቅልሎ ይወጣል። ያንን ጭረት መሰብሰብ የኔ ሥራ ነበር።

ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ እስቴት ሴል ገባሁ። ለማያውቀው፣ ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ እንዳለ የሚሸጥበት ገበያ ነው። የፈለግኩት የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ግን ጥቁር ያለ የኪስ ሰዓት አገኘሁ። ሁለት ክዳን አለው። ሰብሳቢዎች ሀንተር ይሉታል፤ ፊቱ በብረት ክዳን ስለሚሸፈን ነው። ጀርባው ላይ አጋዘን፣ ሁለት ዛፍ፣ ከሥር ሳር። በማሽን የታተመ አይደለም። እጅ ነው የሠራው። የአጎቴ ሱቅ ፊቴ ላይ መጣ። 90 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ሰዓቱ ኤልጂን ነው። ኤልጂን ቺካጎ አጠገብ በ1864 የተቋቋመ ኩባንያ ነው። በዘመኑ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰዓት ሠርቷል። ይህን ቁጥር ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዙ ነገር በተለየ ነበር። ማሽኑ፣ ማለትም ሰዓቱን የሚያስኬደው የውስጡ ክፍል፣ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ብርቁ ቅርጹ ያልጠፋ ቀፎ ነው፤ ቀፎ የምለው ማሽኑን የሚይዘውን የውጭውን ብረት ነው። እኔ ግን የተጨነቅኩት ለማሽኑ ነበር፤ ቀፎውን እንደፈለግኩ አደረግኩት።

ብሩ ጠቁሮ ነበርና የብር ማጽጃ ቅባት ገዛሁ። አልበቃ ሲለኝ ድሪል ላይ የሚገጠም የጨርቅ መንኮራኩር ጨመርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አሸሁት። አበራ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁ። ሲደውልልኝ ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ ምን አደረግኸው?»

«አጠራሁት፣ ጋሼ።»

«አላጠራኸውም። ላጥከው።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በእጅ የተቀረጸ መስመር ጥልቀቱ እንደ ፀጉር ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። ፖሊሽ ደግሞ ቆሻሻ ብቻ አያነሳም። ብረቱን ራሱን ይበላል። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጭኖቹ መስመሮች ናቸው፤ ዓይን፣ ፀጉር፣ የቅጠል ጅማት። መስመሩ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ደግሞ ቆሻሻ መሰለኝ እንጂ ሥዕሉን የሚያሳየው እሱ ነው። «ጥቁረቱ እኮ ቀለሙ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጥቁር ያለ የብር ሰዓት ስታገኙ እጃችሁን ያዙ። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ በቂ ነው። ፈሳሽ ውስጥ አትንከሩት፤ ማሽኑ ውስጡ እያለ ውሃ ማስነካት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የምር መታጠብ ካለበት፣ ሰዓት ሠሪ ማሽኑን አውጥቶ ባዶ ቀፎውን ይጠበው። የሚያብረቀርቅ ሰዓት ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለም፣ ብርሃኑን ሳይሆን የመስመሮቹን ጠርዝ እዩ። ጠርዙ እንደ ሳሙና ከሟሟ ያለፈበት ነገር አለ።

አንድ ሰው ከዚህ ይማራል ትሉ ይሆናል። እኔ አልተማርኩም። የተማርኩት ፖሊሽ አለማድረግን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስህተቴ ከባዱ ነው፤ ለመጻፍም አልቀለለኝም።

በ2018 እቁብ ደረሰኝ። 5,000 ዶላር። ከባለቤቴ ጋር ለቤት ቅድመ ክፍያ ብለን የጣልነው ነበር። በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰዓት አየሁ። ሀንተር ነው። ክዳኑ ላይ አበባና ቅጠል ተለጥፎበታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ እና ነጭ ወርቅ። መሃሉ ላይ ወፍ አለ። እንዲህ ያለውን መልቲከለር ይሉታል፤ ወርቅ ከመዳብ ሲቀላቀል ይቀላል፣ ከብር ሲቀላቀል ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በጣም ያምራል። ሻጩ «14 ካራት» ብሎ ጽፏል። 2,400 ዶላር። ለባለቤቴ ሳልነግር ገዛሁት። በልቤ ያልኩት፣ «ወርቅ ነው፣ ቢቸግረን ይሸጣል» ነበር።

ሲደርሰኝ ከፈትኩት። የኋላ ክዳኑ ውስጥ 14 ካራት የሚል አለ። ከሥሩ ደግሞ «ለ25 ዓመት ዋስትና ያለው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ይህን ሳነብ እንዲያውም ደስ አለኝ። የሰዓቱ ዋስትና መሰለኝ። ጥሩ ዕቃ ነው አልኩ።

ለማረጋገጥ ወርቅ የሚገዛ ሱቅ ወሰድኩት። በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው 14 ካራት አለ። ተረጋጋሁ። የመመለሻ ጊዜው አለፈ።

ሁለት ወር ቆይቶ ሰዓቱ መቆም ጀመረ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍተው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ በማጉያ መነጽር የክዳኑን ጠርዝ አሳዩኝ። ወርቁ ያለቀበት ቦታ ላይ ቢጫ ነሐስ ብቅ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1859 ጄምስ ቦስ የተባለ የፊላደልፊያ ቀፎ ሠሪ አንድ ዘዴ የባለቤትነት መብት አወጣበት። በሁለት ስስ የወርቅ ንጣፎች መሃል ነሐስ አስገብቶ፣ አንድ ላይ ጨፍልቆ፣ ከዚያ ቀፎ መሥራት። ጎልድ ፊልድ የሚባለው ይህ ነው፤ እኛ ወርቅ የለበሰ ልንለው እንችላለን። ከተቀባው በጣም ይሻላል፣ ይበረክታል፣ ለመቀረጽም ይመቻል። ግን ሙሉ ወርቅ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ያለበሱት ወርቅ ስንት ዓመት ሳያልቅ እንደሚቆይ ክዳኑ ላይ ይጽፉ ነበር፤ 10፣ 20፣ 25 ዓመት። ዋስትናው የሰዓቱ ሳይሆን የወርቁ ልብስ ነው። በ1924 የአሜሪካ መንግሥት ይህን የዓመት አጻጻፍ ከለከለ።

ይህችን አንድ ነገር ያዙልኝ። የዓመት ዋስትና የተጻፈበት ቀፎ ሙሉ ወርቅ አይደለም። አጠገቡ 14 ካራት ቢልም፣ የሚናገረው ስለ ላዩ ነው። መሣሪያው ለምን ተሳሳተ? አልተሳሳተም። ያ ጨረር የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። የለበሰው ወርቅ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ነሐሱ ጋ አይደርስም። ይልቅ እጅና ኪስ የሚያሻቸውን ቦታዎች እዩ፤ የክዳኑን ጠርዝ፣ ማጠፊያውን፣ ሰንሰለት የሚንጠለጠልበትን ቀለበት። ወርቅ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ደግሞም አሜሪካ እንደ እንግሊዝ የመንግሥት ማረጋገጫ ማኅተም የላትም። ክዳን ላይ የተጻፈው የሠሪው ቃል ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ መንግሥት የመረመረው የሚያስመስል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ እሱን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ሰዓት ሠሪው ዋጋውን ሲነግሩኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ከ600 ዶላር አይበልጥም። ሻጩ ጋ ጻፍኩ። «ሙሉ ወርቅ ነው አላልኩም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ለባለቤቴ ለመንገር ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አልጮኸችም። «ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ» አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ቁርስ ስንበላ ዝም ማለትህ ነው።» እስካሁን ይህን ቃል ሳስበው ያመኛል። ሰዓቱን ምን እንደሆነ በግልጽ ጽፌ በ550 ዶላር ሸጥኩት። የቤቱ ነገር አንድ ዓመት ተገፋ። ከ150 ዶላር በላይ የሆነ ሰዓት ሳልነግራት ላልገዛም ቃል ገባሁ። ይህ ቃል ከገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም ያዳነኝ። አንድን ሰዓት ለሌላ ሰው ለማስረዳት ስትሞክሩ፣ የማታውቁት ነገር ወዲያው ይታያችኋል። የምትሰበስቡ ከሆነ ከቤታችሁ ሰው አትደብቁ። የሚደበቅ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠና ግዢ ነው።

አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልገዛሁም። ይልቅ ማንበብና ማየት ጀመርኩ። ከእኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኮሎምቢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሰዓት ሰብሳቢዎች ማኅበር እዚያ ሙዚየም አለው። ማኅበሩ በ1943 የተመሠረተ ነው፤ ሙዚየሙ በ1977 ተከፈተ። ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሂዱ። ያልተላጠ ቅርጽ ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ የሚማረው በፎቶ አይደለም። ጥሩውን አንዴ በአካል ካያችሁ መጥፎው ራሱን ያጋልጣል።

ያኔ የገባኝ ትልቁ ነገር፣ በአሜሪካ ሰዓቶች ማሽኑና ቀፎው በአብዛኛው አብረው አለመወለዳቸው ነው። ኤልጂን ወይም ዋልተም ማሽኑን ይሠራል። ቀፎውን እንደ ኪስቶን፣ ዱበር፣ ፋይስ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች ይሠራሉ። ገዢው ሱቅ ገብቶ ማሽኑን እንደ ኪሱ፣ ቀፎውን እንደ ፍላጎቱ ይመርጥና እዚያው ይገጠምለታል። ስለዚህ የሰዓቱን ዕድሜ የሚነግራችሁ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቀፎው ላይ ያለው የቀፎ ሠሪው የራሱ ቁጥር ነው። እኔ የአጋዘኑን ሰዓት ዕድሜ የፈለግኩት በቀፎው ቁጥር ነበር። 20 ዓመት ያህል አሳስቶኛል። ትክክለኛው 1880ዎቹ ነው።

ቀፎ የተቀየረበት ሰዓትም ብዙ ነው። በ1980 መጀመሪያ የወርቅ ዋጋ በአንድ አውንስ ከ800 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ስንት የወርቅ ቀፎ ለብረቱ ሲባል ቀለጠ። ያ ሁሉ ቅርጽ። ማሽኖቹ ብቻቸውን ቀሩ፣ በኋላም ሌላ ቀፎ ውስጥ ገቡ። እንዴት ታውቃላችሁ? ማሽኑን የሚይዙት ብሎኖች ጠርዝ ላይ የሚተዉትን ምልክት እዩ። ብሎኑ ከሌለበት ቦታ ምልክት ካለ፣ ያ ቀፎ ሌላ ማሽን ይዞ ነበር። ክዳን ለሌለው ሰዓት መሙያው፣ ማለትም እያዞርን የምንሞላበት ጉብታ፣ 12 ቁጥር ጋ ነው የሚሆነው፤ ለሀንተር ደግሞ 3 ቁጥር ጋ። ክዳን የሌለው ሆኖ መሙያው 3 ጋ ከሆነ ጠይቁ። የተቀየረ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ዋጋው ግን የተቀየረ ዋጋ መሆን አለበት።

አንድ ቃል ደግሞ ብር ብለው ለሚሸጡት። ሲልቨሮይድ፣ ሲልቨሪን፣ ሲልቨሮድ የሚሉ ጽሑፎች ታያላችሁ። ስማቸው ብር ብር ይላል እንጂ ውስጣቸው ብር የለም፤ መዳብና ኒኬል ነው። ኮይን ሲልቨር የሚለው 90 በመቶ፣ ስተርሊንግ የሚለው 92.5 በመቶ ብር ነው።

አውሮፓ ላላችሁ ነገሩ ይቀላል፤ ማኅተም አለ። ስዊዘርላንድ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሴት ራስ ለ18 ካራት፣ ሽኮኮ የምትመስል እንስሳ ለ14 ካራት፣ ድብ 87.5 በመቶ ለሆነ ብር፣ ቆቅ መሳይ ወፍ 80 በመቶ ለሆነ ብር ትመታ ነበር። ጀርመን ከ1888 ወዲህ ለብር ጨረቃና ዘውድ አላት። የእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ ፈልጉ። ምልክቶቹ ጥቃቅን ስለሆኑ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይኑራችሁ፤ ከ20 ዶላር አይበልጥም። ከሰዓቱ በፊት እሱን ግዙ።

በዚያ መነጽር ቅርጹንም ታያላችሁ። በእጅ የተቀረጸ መስመር ሲጀምር ቀጭን ነው፣ መሃሉ ይሰፋል፣ መጨረሻው እንደገና ይሾላል። የተቆረጠው ጎን ያበራል። በማሽን የተሠራው ማዕበልና ክብ ደግሞ እኩል በእኩል ነው፤ እሱም የራሱ ውበት አለው፣ የሚሠራው በእጅ በሚዞር መሣሪያ ነበርና። የታተመው ግን ሥሩ ድቡልቡል ነው፣ ሹል ጠርዝ የለውም። ባቡር ወይም ንስር የታተመባቸው አዳዲስ «የድሮ» ሰዓቶች ገበያው ላይ ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ውስጥ የሶቪየቱ የሞልኒያ ማሽን አለ። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ የውሸቱ ፊቱ ላይ የተጻፈው ታዋቂ ስም ነው።

አጠቃቀም ላይም ሁለት ጥፋት አለብኝ። ሀንተርን እንደ በር ጓ አድርጋችሁ አትዝጉት። መሙያውን ወደ ውስጥ ተጫኑ፣ ክዳኑን አጋጥሙ፣ ከዚያ ልቀቁ። አለዚያ የክዳኑ መያዣ ጥርስ ይበላል፤ የአጋዘኑ ክዳን አሁን ላልቷል። ሁለተኛ፣ ብዙ የድሮ አሜሪካ ሰዓቶች ሰዓታቸው የሚስተካከለው መሙያውን በመሳብ አይደለም። ፊቱ ጠርዝ ላይ በጥፍር የምትወጣ ትንሽ ምላስ አለች። እሷን ሳላውቅ መሙያውን በጉልበት ስቤ ለጥገና 80 ዶላር ከፍያለሁ። ዘይቱ የደረቀን ሰዓት በየቀኑ ሞልቶ ማስኬድም ጥርሶቹን ይበላል። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ዘይት ይቀየርለት። ስታስቀምጡት ደግሞ የጎማ ማሰሪያ አታድርጉበት፤ ጎማ ብርን ያጠቁራል።

አሁን ያሉኝ ሰባት ብቻ ናቸው። ከመግዛቴ በፊት የሁለቱንም ክዳን ውስጥ፣ የማሽኑን፣ የጠርዞቹንና የማጠፊያውን ፎቶ እጠይቃለሁ። «ሙሉ ወርቅ ነው ወይስ የለበሰ?» ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። መልስ ካላገኘሁ እተወዋለሁ። ከሰባቱ አምስቱ ወርቅ የለበሱ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁም። ያኔ ያጠፋሁት የለበሰ መግዛቴ ሳይሆን በሙሉ ወርቅ ዋጋ መግዛቴ ነው። የቀድሞ ባለቤት ስም የተቀረጸበትንም አልሸሽም። ክዳን ውስጥ ጠጋኞች በመርፌ የጫሩትን ቀንም አላስጠፋም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ የአጋዘኑን ሰዓት ይዤ ሄድኩ። አጎቴ አሁን ሱቅ የለውም። ቤት ነው የሚውለው፣ መነጽሩ ግን አጠገቡ ነው። መልሶ ይቀርጽልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰዓቱን መስኮት ጋ ወስዶ ብዙ ጊዜ አየው።

«አልነካውም» አለ። «የሰውየው እጅ የቀረው እዚህ ነው። እኔ ከጨመርኩበት የኔ ይሆናል።»

ከዚያ መነጽሩን ሰጠኝና በጥፍሩ አጋዘኑ እግር ሥር አሳየኝ። ከሳሮቹ መሃል አንዷ ከሌሎቹ ትረዝማለች፣ ጥልቅም ናት። ወደ ጎን ሄዳለች።

«እዚህ ጋ መቅረጫው አምልጦታል» አለኝ። ፊቱ በራ። «አየህ? ሳር አድርጎ ሸፈናት።»